ሁለት ብልቃጥ

በመጋቢት ማለቂያ፣ ከኢታታ ወንዝ ማዶ፣
ከአንዲስ ጫፍ ሳይወርድ የዓመቱ በረዶ፣
ቀጋው ፍም መስሎ ይቀላል በአጥሩ ላይ፣
ማንም ያልተከለው፣ የሁሉም ሲሳይ።
አክስቴ ኤደልሚራ ባልዲዋን አንግታ
ከወፍ ቀድማ ትወጣለች፣ ጓንቷን ቤት ትታ፤
ጓንት ጣት ያሰንፋል ባይ ናት፤
እሾኹን የምትነቅለው ማታ ነው፣ በመርፌ፣ በመብራት።

እኔ ከተማ ነኝ። ነጭ ጋወን ለብሼ፣
የዘይትን ዕድሜ በአፍንጫ ዳብሼ
ደመወዝ እቀበላለሁ።
ሽቶ ከተቀባሁ፣ ሽንኩርት ከላጥሁ
ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ሁለት ብልቃጥ አለኝ በማሞቂያው ሣጥን፣
አርባ ዲግሪ ሙቀት፣ ሌት ከቀን፣ ሌት ከቀን።
መንታ ናቸው፣ ከአንድ ፍሬ፣ ከአንድ ዘር የተጨመቁ፣
በአንዲት ጠብታ ብቻ፣ በአንዲት፣ የተራራቁ።
በአንደኛው ውስጥ አለች፣ ወርቃማ፣ ዝልግልግ፣
ቫይታሚን ኢ ይሏታል፣ ለራሷ የማትፈልግ።

በሦስተኛው ሳምንት ያልታደለውን ከፈትሁት።
አሮጌ ቀለም ሸተተኝ። የዓሣ ቅርጫት።
ዝናብ ያገኘው ውሻ፤ ክረምቱን ሙሉ የተዘጋ ቤት።
ከዚያ መንትያውን አነሣሁ፦ ሣር፣ የለውዝ ልጣጭ፣ ቀጋ፣
ገና አሁን እንደተለቀመ፣ ገና አሁን እንደነጋ።

እሁድ ለአክስቴ ነገርኋት፣ ድንች ስትልጥ።
"ምን አድርጋ ነው የምትጠብቀው?" አለች፣ ቀና ሳትል።
"ጥንዱን ያጣ ቅንጣት አለ፣ ከአየርና ከብርሃን የሚወለድ፣
ካገኘው ሁሉ ነጥቆ ጉድለቱን ሊሞላ የሚያብድ።
የተነጠቀውም በተራው ነጣቂ ይሆናል፤
ዘይት የሚሞተው እንዲህ ነው፣ እርስ በርስ ይዘራረፋል።
እሷ ግን መሐል ትገባና፣ ማንም ሳይለምናት፣
ለወንበዴው ትሰጠዋለች አንዲት ያለቻትን ሀብት።
ይጠግባል። ዘረፋው እዚያ ላይ ይቆማል።"
"እሷስ?"
"እሷማ ጎደለች። ግን ጉድለቷን ይዛ ዝም ትላለች፤
እንደ ሌሎቹ አትዘርፍም።"
"ሞኝ ናት" አለች አክስቴ፤ ልጣጩ ረጅም ሆኖ ወረደ።

ቆይታ፣ ድስቱን ከድና፦
"ስትጎድል የሚሞላት የለም?"
"አለ። ቫይታሚን ሲ። የቀጋው ሥጋ ውስጥ ነው ቤቱ፤
እኛ የምንወስደው ዘሩን ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ
ከፋብሪካው በር ላይ ይለያያሉ።
ሥጋው ላንቺ ማርመላታ ይቀራል።"
"እንግዲያ በማርመላታዬ አትሳቂ!"

ከፎቅ ዶን ኖልቤርቶ መለያውን ላኩት፤
"ዕድሜን የሚያቆም" ብለው በወርቅ አስጻፉት።
አፍንጫዬን ቢጠይቁት ይነግራቸው ነበር፤
እርጅና የሚዘገየው ከክዳኑ በታች፣ በዘይቱ ሰፈር።
ለቆዳስ? ለቆዳም ትረዳለች፣ ፀሐይ ሲበረታ፣ ጥቂት።
እውነት ነው፣ ጥቂት።
"ጥቂት" የሚል ቃል ግን በወርቅ አይጻፍም።

አክስቴ መለያውን ከዓይኗ አርቃ አነበበች።
ስልሳ መኸር ፀሐይ ያረሰው ፊቷን በእጇ ጀርባ ዳሰሰች።
"ይኼንን ይመልስልኛል?"
መዋሸት እችል ነበር፤ ለሌላ ሰው ይዋሻል።
"አይመልስም" አልኋት።
"እሷ የምትጠብቀው ብልቃጡን ነው።
አንቺን የሚጠብቅሽ ባርኔጣ ነው።"
ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች፣ የጎደሉትም ጭምር።
ከዚያ ሁለቱንም ብልቃጥ ከእጄ ወሰደች፤
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋት።

በሚቀጥለው እሁድ ስመጣ
ዕድሜ ልኩን ሲያለቅስ የኖረው የግቢው በር
ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ፤ ማጠፊያው ላይ
ያ የከረፋው ዘይት በፀሐይ ያብለጨልጫል።
ደህናው መስኮቱ ሥር ነበር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣
ከአንገቱ ሁለት ጣት ያህል ጎድሎ።
እጄን ጨበጠችኝ።
መዳፏ ያው ነው፣ ይሻክራል፣ የእሾህ ቀዳዳው አልጠፋም፤
ብቻ ቀጋ ቀጋ ይላል።